ሱፐር ወይስ ረጉላር

ባለፈው ሰሞን ልጄ ትዕግስት ግማሽ ቀን ተሰልፋ ያገኘችውን ቤንዚን በቢጫ ጀሪካን ይዛ ገባችና ከደረጃው ሥር አስቀመጠችው። ክዳኑ በደንብ አልገጠመም ኖሮ ቤቱ በሙሉ ሸተተ። «ምነው ልጄ፣ ልታቃጥይን ነው?» ብዬ ተቆጣሁ። መቆጣት ልማዴ ነው፤ እሷም ስለለመደችው ቦርሳዋን አስቀምጣ እጇን ልትታጠብ ሄደች። እውነቱን ለመናገር ግን ያስቆጣኝ የእሳት ፍርሃት አልነበረም፤ ሽታው ነው። የጥንቱ ሱፐር ጣፈጥ ያለ ሽታ ነበረው፤ ረጉላሩ ደግሞ ከረር ያለ፣ ላምባ ላምባ የሚል። ይህ የትዕግስት ቤንዚን ያንን ረጉላር ሸተተኝ። ከደረጃው ላይ ተቀመጥሁ።

የዛሬ ልጆች ሱፐርና ረጉላር ቢሏቸው አያውቁትም። ማደያ ያለው አንድ ዓይነት ቤንዚን ነው፣ እሱም ከተገኘ። ካልተገኘ በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን፣ ምን እንደተቀላቀለበት ሻጩ ራሱ የማያውቀውን መግዛት ነው። በእኛ ጊዜ ጎንደር አራዳ ያለው ማደያ ሁለት መቅጃ ነበረው፤ አንዱ የሱፐር፣ አንዱ የረጉላር። የዋጋቸው ልዩነት የሳንቲም ነበር፤ በዚያች ሳንቲም ግን ሻይ ከብስኩት ጋር ይጠጣባት ነበር። እኔ ከማደያው ፊት ለፊት፣ ጣሊያን ከሠራው ባለ ቅስት ቤት በረንዳ ላይ መኪናዬን ዘርግቼ ልብስ እሰፋ ነበር። የስፌት መኪና ማለቴ ነው፤ የምትነዳዋን እኛ ማኪና ነው የምንላት። የሰፋሁት ቤል ቦተም ሱሪ ለአንድ ክፍለ ጦር ይበቃል፤ ከጉልበት በታች ሌላ ሱሪ የሚወጣው ጨርቅ ይበላ ነበር፣ ወንዱ ሁሉ አቧራ እየጠረገ ነው የሚሄድ። ደምሴም አንደኛው ነበር። አረንጓዴ ፒክ አፕ ነበረችው። ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ ሲለካ እንኳ ዓይኑ እሷ ላይ ነው። ሁልጊዜ የሚያስቀዳው ሱፐር ነው፤ ሱፐር የሚያስቀዳ ሰው ራሱም ሱፐር ይመስለው ነበር መሰለኝ። ጋቢናዋ ውስጥ ቴፕ አስገጥሞ ነበር፣ ካሴቱ ግን ሁለት ብቻ። አንዷ ስትጠማዘዝ በእስክሪብቶ ያጠነጥናትና እንደገና ይከፍታታል፤ ዘፋኙ እንደ ሰካራም እየተንቀራፈፈ ይዘፍናል፣ ደምሴ አብሮት ይዘፍናል። በዚህ ነው የተጋባነው፤ ምን ይደረግ።

ደምሴ የጃናሞራ ሰው ነው፣ የመካነ ብርሃን። እዚያ እናቱ ነበሩ፤ እሜቴ ነበር የምንላቸው። ታላቅ ወንድሙም ነበሩ፣ አያ ወርቁ። ገበሬ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀልደኛ ሰው። ደምሴን አባት ሆነው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ትዕግስትን የጸነስሁ ጊዜ «ሳትወልድ ዘመድ ይያት፤ እሜቴንም ለአራስነቷ ይዘናቸው እንመለስ» ተባለና በዚያችው ፒክ አፕ ሄድን። ያን ጊዜ ነዳጅ በኩፖን ነበር። ደባርቅ ስንደርስ ሱፐር የለም፤ ከበርሜል በእጅ የሚቀዳ ረጉላር ብቻ። ደምሴ መርዝ የቀዳ ያህል ተነጫነጨ። «ያንኳኳል፤ ሱፐር የለመደች ማኪና ረጉላር ስትጠጣ ሞተሯ ውስጥ ሰው ያለ ይመስል ያንኳኳል» አለኝ። እንዲህ ማለቱን አልረሳውም።

ስንመለስ ጋቢናው ጠበበ። ደምሴ ይነዳል፣ እሜቴ መሐል፣ እኔ በመስኮት በኩል። አያ ወርቁም እስከ ጎንደር ሊሸኙን ተነሡ። እኔ ልነሣላቸው ብል በሳቅ ከለከሉኝ። «ጥሩዬ ሁለት ነፍስ ናት። እኔ ከበጎቹ ጋር እየተጫወትሁ እሄዳለሁ» ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላ ወጡ። ሁለት በግ ነበር፣ ለአራስነቴ የሚታረድ። ጀርባቸውን ለጋቢናው ሰጥተው ተቀመጡ። ከኋላችን ባለው መስኮት የጋቢያቸው ጥለት ይታየኝ ነበር፤ ዳገቱ ሲጀምር ግን መስተዋቱን እንፋሎት ሸፈነውና ማየት አቃተኝ።

ያን አገር ለማያውቅ ሰው ሁለት ነገር ልንገር። አንደኛው፣ ከኋላ የተጫነ ሰው መውረድ ሲፈልግ የጋቢናውን ጣሪያ በእጁ ይመታል፤ ሹፌሩ ያንን ሲሰማ ይቆማል። ይህ የትም ያለ ነው። ሁለተኛው የደጋው ነው። በቀትር፣ በተለይ ጉም በወረደበት ቀትር፣ የጠራህን ወይም ደጅህን ያንኳኳውን ሰው በአንዴ አቤት አይባልም። ሁለቴም ቢሆን ዝም ነው። ሰው ያልሆነው ነገር እስከ ሁለት ይጠራል፤ ሦስተኛው የሥላሴ ነውና አይደፍረውም ይላሉ። ሰው ከሆነ ይደግማል፣ ይሰልሳል። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ ስሰማው እስቅ ነበር። እሜቴ ግን በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም።

ከመካነ ብርሃን ወደ ቧሂት ተራራ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ አናቱ ከመድረሱ በፊት፣ ጥቁር ድንጋይ የተገተረበት መታጠፊያ አለ። እዚያ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መንገዱን ዋጠው። ካሴቱም በራሱ ቆመ፤ አልቆ ይሆናል። ማኪናዋ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ሳለ፣ ኳ ኳ አለ። ሁለት ጊዜ። የሰማሁት ከራሴ በላይ ነው። የደምሴ እግር ወደ ፍሬኑ ሲሄድ እሜቴ ክንዱን ያዙት። «ተው ልጄ! በቀትር፣ በዚህ ጉም! ሦስተኛውን ጠብቅ» አሉት። ደምሴ ጠበቀ። ሁላችንም ጠበቅን። በጎቹ እንኳ ድምፅ አላሰሙም። ሦስተኛው አልመጣም። ማኪናዋ መታጠፊያውን ዞረች፣ አናቱን አለፈች፣ ቁልቁለቱን ወረደች፤ ጨነቅ የሚባለው ቦታ ስንደርስ ፀሐይ ሆነ። ደምሴ ለራዲያተሩ ውኃ ሊጨምር ወረደና «አያ» ብሎ ሲጣራ ሰማሁ። ወርጄ አየሁ። አያ ወርቁ ጋቢናውን እንደተደገፉ ናቸው፤ አንድ እጃቸው ከጋቢው ወጥቶ ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል። ሰውነታቸው ቀዝቅዞ ነበር። ቁስል የለ፣ መውደቅ የለ። ልባቸው ነው አሉ በኋላ። በጎቹ ከጥግ ተጠጋግተው አንዴም ሳይንቀሳቀሱ እሳቸውን ያዩ ነበር።

እሜቴ ያሉትን መድገም ይከብደኛል። «እኔ ነኝ የገደልሁት። ሲጠራኝ ዝም አልሁት» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ደምሴም ወንድሙን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው የእናቱን እጅ ያዘ። «አይደለም እናቴ። አያ አይደለም ያንኳኳው። ቤንዚኑ ነው። ረጉላር ቀድቼ ነበር፣ ሞተሩ ነው ያንኳኳው። ጥሩዬ፣ ነግሬሽ አልነበረም?» አለ። ነግሮኝ ነበር፣ እውነት ነው። «አዎ፣ ነግሮኛል» አልሁ። እሜቴም ቀና ብለው አዩት፤ ውኃ የጠማው ሰው ዋንጫ ሲያይ እንደሚያየው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እኒያ ሴትዮ በሕይወት የኖሩት በዚያች ቃል ነው።

የሙት ዓመቱ ሲደርስ ወደ መካነ ብርሃን ወጣን። ደምሴ የደባርቁን ቤንዚን አላመነም፤ ከጎንደር ሱፐር በጀሪካን ተሸክሞ ሄደ። ስንመለስ ያው ቦታ፣ ያው ሰዓት ሆነብን። ኋላ ሁለት ቄሶችና አንዲት ሴት ተጭነዋል። ኳ ኳ አለ። እሜቴ ዞረው ልጃቸውን አዩ። «ዛሬስ ምን ቀድተህ ነው ልጄ?» ሲሉት፣ «ሱፐር ነው ብለው ሸጡልኝ እናቴ፣ የተቀላቀለበት ነው» አላቸው። እሺ ብለው ወደ ፊት ዞሩ። ጨነቅ ስንቆም እኔ ነገሩ አላስችል ቢለኝ ወረድሁና ቄሶቹን «ማን ነው የመታው?» አልኋቸው። ታላቅየው ቄስ ተገርመው አዩኝ። «እናንተ አይደላችሁም እንዴ ከውስጥ የመታችሁ? እኛማ ‘ምን ፈለጉ?’ ስንል ነበር» አሉኝ። ለደምሴ ስነግረው «ለእናቴ እንዳትነግሪ» ብቻ አለኝ።

ከዚያ በኋላ የቤንዚን ነገር በቤታችን እንደ ጾም ሕግ ሆነ። ካንዴላ ቀየረ፣ ካርቡራቶር አስፈታ፣ ሱፐሩን ከረጉላሩ ጋር በልክ በልክ ቀላቀለ፣ ካንድ ማደያ ተጣልቶ ወደ ሌላ ሄደ። ይህን ሁሉ የሚሠራው ከእኛ ጋር መኖር የጀመሩት እሜቴ ሲያዩት፣ በግቢው መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። እሳቸውም ከበረንዳው ሆነው «አሁንስ ሸጋ ሆነች?» ይሉታል። «ደህና ናት፣ ትንሽ ብቻ ቀርቷታል» ይላቸዋል። እኔ በልቤ እናደዳለሁ። ልጅ እያሳደግሁ፣ ጨርቅ እየቀደድሁ፣ ባሌ ቤንዚን እያሸተተ ይውላል። አንድ ቀን «ወንድምህ ሞቷል፤ ሱፐር ብትቀዳላትም አይነሣም!» ብዬው ፊቱ ጠቆረ፣ ሁለት ቀን አላናገረኝም። አዘንሁለት ደግሞ። ሞተሩ ካንኳኳ እሱ ነፃ ነው፤ እጅ ካንኳኳ ግን የወንድሙን ጥሪ ሰምቶ አልፏል። ራሱን ሊያሳምን ነው የሚደክመው ብዬ አስብ ነበር። እሜቴ በኋላ መነኮሱ፤ ቆብ ጭነው ብዙ ዓመት ኖሩ። ሊሞቱ ሲሉ እንኳ ደምሴን ጠርተው «ቤንዚኑ ነው አይደል?» አሉት። «ቤንዚኑ ነው እናቴ» አላቸው። ፊታቸው ፈታ ብሎ ነው ያረፉት፤ እኔ ነኝ ዓይናቸውን የከደንሁ። ከቀብራቸው በኋላ ደምሴ ማኪናዋን ከግቢው ጥግ አቁሞ ሸራ አለበሳት። ሽጣት ቢሉት አይሸጥም፣ ንዳት ቢሉት አይነዳም። ዶሮዎቼ ነበሩ የሚኖሩባት።

ዘንድሮ ደምሴ ዓይኑ ደከመ። «ሳይጨልምብኝ አገሬን በራሴ ማኪና አንዴ ውሰዱኝ» አለ። ትዕግስት ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር መሐንዲስ ናት፤ ቅዳሜና እሑድ እየመጣች፣ ባለሙያ እያስመጣች አስነሣቻት። የቀረው ቤንዚኑ ብቻ ሆነ። እንግዲህ ጀሪካኑ ከደረጃው ሥር የተቀመጠው በዚህ ነው። ደምሴ ከጓሮ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። እኔ ከደረጃው ላይ ሆኜ «ይህች ማኪና ሱፐር ነው የለመደች፣ ይህ አይሆናት ይሆናል» አልሁ፤ ከአፌ ያመለጠ ነገር ነው። ትዕግስት ሳቀች። «እማዬ፣ ይህ የዱሮ ሰው ተረት ነው። የቤንዚኑ ኦክቴን፣ ግፊት የመቻል አቅሙ ማለት ነው፣ ዝቅ ካለ ሞተሩ ውስጥ ሲጨመቅ ጭምቁ ሲበዛበት ካንዴላው ሳይተኩስ ቀድሞ በራሱ ይቀጣጠላል፣ ያን ጊዜ ነው የሚያንኳኳው። የእሷ ሞተር ደግሞ አሮጌ ነው፣ ጭምቁ ዝቅተኛ ነው፤ ረጉላሩ ይበቃት ነበር። አባዬ ሱፐር ሲገዛ ገንዘቡን ነው ያቃጠለ» አለችኝ። ዝም እንድትል በዓይኔ ጠቀስኋት፤ አስተማሪ ዝም አይልም። «ቆላ ወርዳ ከመተማ በኩል ጭነት ጭና በሙቀት ብትወጣ ምናልባት ታንኳኳ ይሆናል። ደጋ ላይ ግን አየሩ ስስ ነው፣ ጭምቁ ጭራሽ ይቀንሳል። ቧሂት አናት ላይ የፈለግሽውን ብትቀጂላት አታንኳኳም» ብላ ፎጣዋን ይዛ ወጣች።

ወደ ደምሴ መዞር ፈራሁ። ዕድሜ ልኩን የተደገፈባትን አንዲት ነገር የገዛ ልጁ ሳታውቅ ሰበረችበት ብዬ ነው። ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥሁ። «ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች፤ መጽሐፍ ነው የምታወራው» አልሁት። «ትክክል ናት» አለኝ።

«እንዴት ትክክል?»

«አውቀዋለሁ ጥሩዬ። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ብቻዬን ሄጄ ነበር። ለጭነት ነው የምሄድ ብዬሽ ነበር። ረጉላር ሞላሁባት፣ ድንጋይ ጫንሁባትና ያን ዳገት በጠዋት ወጣሁት። ወረድሁና ደግሜ ወጣሁት። አንዲት ድምፅ አላሰማችም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ሱፐር፣ ካንዴላ፣ ካርቡራቶር...»

«እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበራ» አለ። «‘ሦስተኛውን ጠብቅ’ ያለችው እሷ ናት። ክንዴን የያዘችው እሷ ናት። ቤንዚኑ አይደለም ብላት በምን ታድር ነበር?» ከዚያ ዓይኑን በጋቢው ጠረገ። እኔም አለቀስሁ። አብሬው ይህን ሁሉ ዓመት ስኖር፣ የማውቀው ሰው እሱ አልነበረም ማለት ነው። እንዲያ ስናደድበት ኖሬ እጁን መሳም አማረኝ፤ ሳምሁትም።

ወጣን እንግዲህ። ሄደን መካነ ብርሃን ሰነበትን፣ መቃብሩን ተሳለምን፤ ሕፃን ሆነው የሚያውቁት ሸምግለው ጠበቁት። መንገዱ ተለውጧል፣ የስልክ ማማ ቆሟል፤ ካሴት የለም፣ ትዕግስት በስልኳ ነው የምታዘፍነው። ስንመለስ እሷ ትነዳለች፣ እኔ መሐል፣ ደምሴ በመስኮት በኩል። ከኋላ ማንም የለም። ቀትሩን እንድናልፈው ብዬ በጠዋት እንነሣ ብል ዘመድ «ምሳ ሳትበሉ» ብሎ አቆየን። ጥቁሩ ድንጋይ ጋ ስንደርስ ጉሙ እንደ ድሮው ከገደሉ ተነሣ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሲንጫጩ ነበር፣ ባንድ ጊዜ ዝም አሉ። ስልኳም ዝም አለ፤ ኔትወርክ ይሆናል። ማኪናዋ በደንብ ነው የምትሄድ፣ ልስልስ ብላ። እጄን ከደምሴ እጅ ላይ አደረግሁ። ቀዝቃዛ ነበር።

ኳ ኳ።

ትዕግስት ደንግጣ ነዳጁን ለቀቀች። ወደ ላይ አየች፣ ከኋላው መስተዋት አየች፤ በእንፋሎት ተሸፍኗል። «አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ቤንዚኑ ነው እንዴ?»

እኔ ያን መልስ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ያንኑ የሚል መሰለኝ። በረንዳ ላይ የሚጠብቅ ሰው ግን ዛሬ የለም።

«አይደለም ልጄ፣ አቁሚያት» አላት።

ቆመች። ደምሴ በሩን ከፍቶ ወረደና በማኪናዋ ጎን ስፖንዳውን እየዳሰሰ ወደ ኋላ ሄደ። የኋላው መዝጊያ ሲከፈት ሰማሁ። «ና አያ፣ ቀስ እያልህ። ብርድ ነው» ሲል ሰማሁ። ከዚያም ሽማግሌ ሰው ለመውረድ የሚፈጅበትን ያህል ጠበቀ። ፈራሁ፤ ግን አልከለከልሁትም። ተመልሶ መጣና ከተከፈተው በር ጎን ገለል ብሎ ቆመ። ወንበሩ ባዶ ነው። ጉሙ በበሩ ገባና ቀዘቀዘን። ደምሴም በሩን ሳያላትም፣ ቀስ አድርጎ ከውጭ ዘጋው።

«አባዬ! አንተስ?» አለች ትዕግስት።

«እኔ ከኋላ እሆናለሁ፣ እስከ አናቱ ነው። ንጂ» አላት በመስኮቱ። ጋቢውን ተከናንቦ ሲወጣ ማኪናዋ ትንሽ ዝቅ ስትል ተሰማን። ትዕግስት ወደ እኔ ዞረች። መሐንዲስ ብትሆንም ልጄ ናት፤ ምንም አልጠየቀችኝም። ማርሹን አስገባች። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ወደ እሷ ጠጋ አልሁላቸው።